በልጄና በጓደኛዋ መካከል ያለውን ቅያሜ በቀልድ ማለዘብ ይቻላል?

ጥያቄ

የ10ኛ ክፍል ተማሪ የሆነች የ16 ዓመት ልጅ አለችኝ። ከመዋዕለ ሕፃናት ጀምሮ አብራት ያደገች ጓደኛዋ ባለፈው ዓመት ወደ ሌላ ትምህርት ቤት ከተዛወረች ወዲህ መገናኘታቸው ሳስቷል። ልጄ የጓደኛዋን ልደት ረስታ በማግስቱ የመልካም ምኞት መልእክት ስትልክ፣ «ክብርት ሆይ፣ ስላስታወሱኝ እጅግ አመሰግናለሁ» የሚል መልስ በቴሌግራም ደረሳት። ቀድሞ በአንቱታ እየተጠራሩ መሳቅ የሁለቱም ልማድ ነበር፤ በዚያ ቀን ግን ቀልድ ይሁን አሽሙር መለየት ስላቃታት ዝም አለች፣ ጓደኛዋም ዝምታውን እንደ ንቀት ቆጠረችው። አሁን ልጄ መታረቅ ትፈልጋለች። «በቁም ነገር ብጀምር ትጨነቃለች፣ በቀልድ ብጀምር ያሾፍኩባት ይመስላታል» ትለኛለች። ምን ብዬ ልምከራት?

መልስ 1

እኔ የሁለተኛ ደረጃ መምህር ነኝ፤ እንዲህ ያለ ጠብ በየዓመቱ ያጋጥመኛል። በመጀመሪያ ደረጃ፣ እርቁ በጽሑፍ መልእክት እንዳይሞከር አጥብቄ እመክራለሁ። እንደ ጎርጎርዮስ አቆጣጠር በ2005 ጀስቲን ክሩገር፣ ኒኮላስ ኤፕሊና ባልደረቦቻቸው ባሳተሙት ጥናት፣ በኢሜይል የጻፉ ሰዎች ስላቃቸውና ቁም ነገራቸው 78 በመቶ ያህል በትክክል ይለያል ብለው ሲገምቱ፣ አንባቢዎቹ የለዩት ግን 56 በመቶ ያህሉን ብቻ ነበር፤ ይህም በግምት ከመመለስ እምብዛም አይሻልም። ጸሐፊው የራሱን ድምፅ በልቡ እየሰማ ስለሚጽፍ፣ አንባቢውም የሚሰማው ይመስለዋል። ስለዚህ ልጅዎ በአካል ትሂድ፤ ካልሆነም ትደውል። በቅድሚያም «ልደትሽን ረስቼ ነበር፤ ይቅርታ አድርጊልኝ» ትበላት። ቀልዱ ከዚያ በኋላ ይደርሳል።

መልስ 2

ከመምህሩ ጋር በአንድ ነገር አልስማማም። በዚያ ዕድሜ ፊት ለፊት ይቅርታ መጠየቅም ሆነ መቀበል ከባድ ነው፤ ብዙዎች ገና ንግግሩ ሲጀመር «ምንም አይደል» ብለው ያመልጣሉ። እኔና ጓደኛዬ 11ኛ ክፍል ሳለን ተኳርፈን ብዙ ወራት ከቆየን በኋላ በታክሲ ሰልፍ ላይ ተገናኘን። «የጂኦግራፊ መምህራችን ዛሬም ካርታውን ገልብጠው ይሰቅላሉ?» ብሎ ጠየቀኝ፤ ሁለታችንም ሳቅን፣ ታክሲውንም ትተን በእግራችን እየሄድን ምን እንዳስከፋው አንድ በአንድ ነገረኝ። ያ ቀልድ የጠባችንን ጉዳይ ስላልነካ ማንንም አላሳፈረም። ልጅዎም ሁለቱ አብረው ካሳለፉት ነገር አንዱን አንስታ ብትጀምር መልካም ይመስለኛል። በልደቱና በዝምታው ላይ ግን፣ የተጎዳችው ልጅ ራሷ ካልጀመረችው በቀር፣ መቀለድ የለባትም።

መልስ 3

ሁለቱም መልሶች መንገዱን ያሳያሉ፤ እኔን ያሳሰበኝ ግን መልእክቱ ራሱ ነው። በአገራችን ፊት ለፊት ለመናገር የሚከብድ ቅሬታ በቀልድ ተሸፍኖ ሲነገር ኖሯል፤ አለቃ ገብረ ሃናም እስከ ዛሬ የሚታወሱት ሰውን እያሳቁ በሚወጉበት ንግግራቸው ነው። ይህች ልጅም «ረሳሽኝ» ማለት ስለከበዳት፣ ሁለቱ ብቻ በሚያውቁት ጨዋታ ተናገረችው። ፈጽማ ተስፋ ቆርጣ ቢሆን ኖሮ «አመሰግናለሁ» ብላ በዘጋችው ነበር፤ የድሮውን አንቱታ መምረጧ ጓደኝነቱን እንደምትፈልገው የሚያሳይ ይመስለኛል። ቅር የተሰኘችው በልደቱ ብቻ ነው ብዬም አላምንም። አዲስ ትምህርት ቤት ገብታ ብቻዋን ስትሆን ማን እንደጠየቃት ልጅዎ ታስብበት፤ ሲገናኙም ያንን ትጠይቃትና ሳታቋርጥ ታዳምጣት። እርስዎም ለጓደኛዋ እናት ደውለው ለማስታረቅ አይቸኩሉ፤ የወላጅ ሽምግልና በዚህ ዕድሜ ላሉ ልጆች ጉዳዩን ያከብደዋል። ጓደኛዋ በመጀመሪያው ቀን ቀዝቀዝ ብትልም ልጅዎ መልስ እንድትሰጣት አታስገድዳት፤ ከጥቂት ሳምንታት በኋላ እንደገና ሄዳ ትጠይቃት።