ሰርቪስ ቤታችን ውስጥ አይጥ ጤፉን ፈጀው፤ ተከራይ፣ ሕፃናትና ዶሮ ባሉበት ግቢ ምን ይሻላል?

የማራኪዋ (ጠያቂ)

ሰላም ለናንተ ይሁን። ጎንደር ማራኪ ነው የምንኖረው። ከዋናው ቤት ጀርባ በባሕር ዛፍና በጭቃ የተሠራች፣ ቆርቆሮ የለበሰች ባለ ሁለት ክፍል ሰርቪስ አለችን። አንዱ ክፍል የእናቴ ዕቃ ቤት ነው። ከደንቢያ የሚመጣልን የዓመት ጤፍ በማዳበሪያ ሆኖ ግድግዳውን ተደግፎ ተደርድሯል፤ ዳጉሳ አለ፣ ለጠላ የተዘጋጀ ብቅልና ጌሾ አለ፣ ጥጉን ማገዶና "አንድ ቀን ይፈለጋል" እየተባለ የማይጣል ኮተት ሞልቶታል። ሌላውን ክፍል አንድ የዩኒቨርሲቲ ተማሪ ተከራይቶታል። በመካከላቸው ያለው ግድግዳም ጭቃ ነው፤ እስከ ቆርቆሮው አይደርስም።

አዲሱ እህል ከገባ ወዲህ አይጥ ሰፈረበት። ማዳበሪያው ከሥር እየተበሳ ጤፉ ወለል ላይ ይፈሳል፤ ብቅሉ ላይ በጠጥ እየታየ እናቴ ጠላ መጥመቁን ትታዋለች። አንዷ ጎረቤት "የእህል ኪኒን ገዝተሽ በማዳበሪያዎቹ መሃል ጣል ጣል አድርጊና በሩን ዝጊው" ትለኛለች። ሌላዋ ደግሞ ገበያ የሚሸጠውን ጥቁር ዱቄት በእንጀራ ለውሼ እንድበትን ትመክረኛለች። ግቢው ውስጥ ዶሮዎችና ትንንሽ ልጆች አሉ። ድመት የለንም፤ እናቴ "ድስት ትከፍታለች" ብላ አትወድም። የቱ ይሻላል ትላላችሁ?

ዘአዘዞ

ኪኒኗ ናት መፍትሔው። እኛ ቤት በየዓመቱ እሷን ነው፤ በማግስቱ አይጥም ነቀዝም የለም። ሌላው ሁሉ ድካም ነው።

የሰብል ጥበቃ ባለሙያ

ወንድሜ ዘአዘዞ፣ ምክርህ እዚህ ቤት ላይ ሰው ይገድላል። ለዚህ ነው ረዘም አድርጌ የምጽፈው።

"የእህል ኪኒን" የምንላት አሉሚኒየም ፎስፋይድ ናት። የአየር እርጥበት ሲያገኛት ፎስፊን የሚባል መርዛማ ጋዝ ትለቃለች፤ ባለ 3 ግራም አንዷ ፍሬ 1 ግራም ያህል ጋዝ ይወጣታል። ሥራዋ አየር በማያስወጣ መጋዘን ወይም ሸራ ተሸፍኖ በታሸገ ክምር ውስጥ፣ በሠለጠነ ሰው እጅ፣ ሰው በማያድርበት ቦታ ነው። የጭቃ ግድግዳ ጋዝ አይከለክልም። የእኅታችን ግድግዳ ደግሞ እስከ ቆርቆሮው እንኳ አይደርስም! ያ ተማሪ ሌሊቱን የሚተነፍሰው እሱን ነው። ጋዙ የነጭ ሽንኩርት ወይም የበሰበሰ ዓሣ ዓይነት ሽታ ሊኖረው ይችላል፣ ነገር ግን ሽታው ያስጠነቅቀኛል ብሎ መተማመን አይቻልም። ማርከሻ መድኃኒትም የለውም።

ጥቁሩ ዱቄት አብዛኛውን ጊዜ ዚንክ ፎስፋይድ ነው። እሱም አይጧ ሆድ ውስጥ ከጨጓራ አሲድ ጋር ሲገናኝ ያንኑ ጋዝ ነው የሚፈጥረው። ዶሮ ከለቀመችው ትሞታለች፤ ልጅ እጁን ከላሰም ያው ነው። እንጀራ ላይ ተለውሶ መሬት ላይ መበተኑ ከሁሉ የባሰው አጠቃቀም ነው፣ የሰው ምግብ ይመስላልና። ደግሞ አይጧ ትንሽ ቀምሳ ታማ ከተረፈች ያንን መርዝ ሁለተኛ አትነካውም።

ሦስተኛ ዓይነት አለ፤ ቀለም የተነከረ ፍሬ ወይም ሰም የሚመስለው። እሱ ደም እንዳይረጋ እያደረገ ከ3 እስከ 7 ባለው ቀን ውስጥ ይገድላል። ለዚህኛው ሐኪም ቫይታሚን ኬ በመስጠት ሊያክመው ይችላል። ነገር ግን የተመረዘችውን አይጥ የበላ ድመት ወይም ውሻ አብሮ ሊመረዝ ይችላል፤ አይጧም ግድግዳ ውስጥ ሞታ ትገማለች።

እግዚአብሔር አያድርገውና ልጅ ከነዚህ አንዱን ቀመሰ ቢባል "ወተት እናጠጣው፣ እናስታውከው" እያላችሁ ጊዜ አታባክኑ። የመርዙን ዕቃ ወይም ወረቀት ይዛችሁ ቀጥታ ሆስፒታል ነው። ምልክት እስኪያሳይ መጠበቅም የለም።

እትየ ዘቀሐ ኢየሱስ

ጎሽ፣ እውነቱን ነግረሃታል። አይጥ በበላ ዳዋ ተመታ የሚባለው ይኼ ነው፤ ጤፉን የምትፈጀው አይጥ፣ የሚታፈነው የሰው ልጅ!

ልጄ፣ መጀመሪያ አመድ ንፊና ማታ ወለሉ ላይ በስሱ አርከፍክፊበት፤ በተለይ በግድግዳው ሥር። ጠዋት ዱካዋን ታይዋለሽ፣ ከየት ወጥታ ወዴት እንደገባች ይነግርሻል። አለዚያ በጨለማ መዳበስ ነው። ለእናትሽ ደግሞ ንገሪልኝ፤ ድመት ድስት የምትከፍተው ስትራብ ነው። ማድ ቤት ባትገባም ዕቃ ቤቱ በር ላይ ትደር።

የማራኪዋ

እትየ፣ እግዚአብሔር ይስጥልኝ፤ አመዱን አደረግሁት። ዱካው ከበሩ ሥርና ከተከራዩ ግድግዳ ማዕዘን ይነሣል፣ ሁልጊዜ በግድግዳው ጥግ ጥግ ነው የሚሄደው። በጠጧ ከሩዝ ፍሬ የማትበልጥ፣ ጫፏ ሾጠጥ ያለች ናት። ኪኒኑን እርግፍ አድርጌ ትቼዋለሁ። ተማሪውም የጻፋችሁትን አንብቦ "እባክሽ" ብሎኛል፣ ምስኪን።

ግንበኛው

በጠጧ እንዲያ ከሆነች የቤት አይጥ ናት፤ አይጠ መጎጥ ቢሆን ከ1 ሴንቲ ሜትር በላይ ይረዝም ነበር። ይህን ማወቅ ለእኔ ሥራ ይጠቅማል። የቤት አይጥ 6 ሚሊ ሜትር ክፍተት ይበቃታል፣ አይጠ መጎጥ ግን የዚያን እጥፍ ገደማ ይፈልጋል። እስክሪብቶ ያዢና ሰርቪሷን ከውጭም ከውስጥም ዙሪያት። እስክሪብቶው የሚገባበት ቀዳዳ ሁሉ መዘጋት አለበት።

ጭቃ ቤት ላይ በጭቃ ብቻ መምረግ ዋጋ የለውም፣ ሌሊቱን ትቆፍረዋለች። ሲሚንቶ ብቻ ብትለጥፊበትም ከጭቃው ጋር አይያያዝም፤ ሲደርቅ ተሰንጥቆ እንደ ቅርፊት ይነሣል። የሚይዘው እንዲህ ነው፦ የላላውን ጭቃ እስከ ማገሩ ድረስ አራግፊው። ጉድጓዱን የብረት ድስት መፈተጊያ ሽቦ ጠቅጥቂበት። በላዩ ቀዳዳው ከ6 ሚሊ ሜትር ያልበለጠ የብረት ወንፊት ሽቦ ዘርግተሽ ከማገሩና ከቋሚው እንጨት ጋር በምስማር ምቺው፤ ከዚያ በሲሚንቶና በአሸዋ ይለሰን። ሽቦው ነው ሲሚንቶውን የሚሸከመው። ለመስኮት የሚሸጠው የፕላስቲክ ወንፊት ግን ለትንኝ እንጂ ለአይጥ አይሆንም። የሚነፋው ፎምም ብቻውን ከሆነ ትበላዋለች። ጥርሷ ዕድሜ ልኳን ስለሚያድግ መሞረድ ግዴታዋ ነው።

ሰው የሚረሳው ላይኛውን ነው። የቆርቆሮው ሞገድ የግድግዳው ራስ ላይ ሲያርፍ ሥሩ ቀዳዳ በቀዳዳ ነው፤ አይጥ ደግሞ ጭቃ ግድግዳ ቀጥ ብላ ትወጣለች። እዚያም ሽቦ ወንፊቱን አጥፈሽ አስገቢ። በዚያው የተከራዩን ክፍል ከዕቃ ቤቱ የሚለየውን ግድግዳ እስከ ቆርቆሮው አድርሱት፤ ለልጁም ቢሆን ምሥጢሩ የሚጠበቅለት ያኔ ነው። በሩ ሥር ከውጭ በኩል 30 ሴንቲ ሜትር ስፋት ያለው ላሜራ ይመታ፣ ከመድረኩ ጋር ያለው ክፍተት እስክሪብቶው እንዳያልፍ ሆኖ።

ዘአዘዞ

ተቀብያለሁ። እኛ ቤት ከመጋዘኑ ጎን የሚያድር ሰው የለም፤ እሱን አላሰብኩትም። ግን ይኼ ሁሉ ሽቦና ሲሚንቶ ከጤፉ አይወደድም?

ግንበኛው

አንድ ክፍል ናት እኮ። ሽቦው በሜትር ይሸጣል፣ ሲሚንቶው ከግማሽ ከረጢት አያልፍም፣ የአንድ ቀን ሥራ ነው። የጤፍ ዋጋ ስንት እንደ ገባ ለአንተ አልነግርህም።

የቅዳሜ ገበያው ነጋዴ

እኔ መርዙንም ወጥመዱንም እሸጣለሁ፣ ስለዚህ የማንም ወገን አይደለሁም። ለዚህ ግቢ በእንጨት ላይ ሽቦ ያለው፣ ጠቅ ብሎ የሚመታው ወጥመድ ነው የሚሆነው።

ብዙ ሰው አንድ ገዝቶ ክፍሉ መሃል ያስቀምጥና "አይሠራም" ብሎ ይመልስልኛል። የቤት አይጥ መሃል ሜዳ አትወጣም፣ አመዱም ነግሮሻል። ወጥመዱን በዱካው ላይ፣ ግድግዳውን በቀጥታ ገጥሞ፣ ምግቡ ያለበት ጫፍ ወደ ግድግዳው ዞሮ አስቀምጪው። አንድ ሳይሆን በርከት አድርገሽ፣ በየ2 እና 3 ሜትሩ፣ በአንድ ሌሊት። የቤት አይጥ አዲስ ዕቃ አትፈራም፤ እንዲያውም ልታየው ትመጣለች። አይጠ መጎጥ ነው አዲስ ነገር ሲያይ ለቀናት የሚርቀው።

ማጥመጃው ላይ ጤፍ ወይም እንጀራ አታድርጊ። ጤፍ ተርፏት ነው? ቅባት ያለው ነገር ይሻላል፤ የለውዝ ቅቤ፣ ወይም የተቆላ ኑግ ወቅጠሽ በማር ለውሰሽ የአተር ፍሬ ታህል ብቻ ለጥፊ። ከበዛ ዳር ዳሩን ልሳ ትሄዳለች። አንዳንዱ ላይ ጥጥ በክር አሥሪበት፤ ለጎጆዋ ስትጎትተው ይዘጋባታል። ዶሮና ልጅ እንዳይነካው ደግሞ ወጥመዱን ካርቶን ውስጥ ከተሽ በሁለቱ ጫፍ ትንሽ በር አውጪለት።

ጎበዜ

እንደ መጽሐፍ የሚከፈተው ማጣበቂያስ? ሶኬት ላይ የሚሰካ፣ በድምፅ የሚያባርር መሣሪያም አይቻለሁ።

የቅዳሜ ገበያው ነጋዴ

ማጣበቂያው አቧራ ባለበት ጭቃ ወለል ላይ ቶሎ ይደርቃል፤ ጫጩትም ይይዝብሻል፣ አይጧም ሌሊቱን ሙሉ ስትጮህ ታድራለች። የሶኬቱን እኔ ሱቄ አላስገባውም። ድምፁ ማዳበሪያ አያልፍም፣ አይጧም ትለምደዋለች።

ወገሬው

ስለ ወጥመድና ስለ ግድግዳ ብዙ ተባለ፤ እህሉን ራሱን ግን ረሳችሁት። እኛ ዳባት በኩል ጎተራ መሬት አይነካም። በእግር ላይ ይቆማል፤ ብልኆቹ ደግሞ እግሩን በላሜራ ይጠቀልሉታል፣ አይጥ ያንሸራትታታልና። ግድግዳ የተደገፈ ማዳበሪያ ግን ለአይጥ ከኋላው መንገድም ጎጆም ይሆንላታል። ርብራብ አሠሪና ማዳበሪያዎቹን ላዩ ላይ ደርድሪያቸው፤ ከግድግዳውም የእጅ መጥረጊያ የሚያስገባ ያህል አርቂያቸው። ያ ማገዶና ኮተት ከዚያ ክፍል ይውጣ። ማዋለጃቸው እዚያ ነው፤ አይጥ በ3 ሳምንት ትወልዳለች፣ ግልገሏም ሁለት ወር ሳይሞላት ለማርገዝ ትደርሳለች።

ብቅሉና ዳጉሳው ክዳን ወዳለው በርሜል ይግባ። ባለ 200 ሊትሩ በርሜል ጤፍም ቢሆን አንድ ኩንታል ተኩል ገደማ ይይዛል። ለነቀዝ የሚሸጠው ባለ ሦስት ድርብ ከረጢት ለባቄላና ለበቆሎ ጥሩ ነው፣ አየር ከልክሎ ነቀዙን ይገድላል፤ አይጥ ግን ትበሳዋለች። ጤፍ መቼም ነቀዝ አያውቀውም።

ነርስ ከፒያሳ

አንድ ነገር ልጨምር። ኮተቱን ስታወጡ ደረቅ በጠጥ በመጥረጊያ አትጥረጉ፤ አቧራው ወደ ሳንባ ይገባል። በሩን ከፍታችሁ ክፍሉ ይተንፍስ፣ ጓንትና ማስክ አድርጉ። አንድ እጅ በረኪና ለዘጠኝ እጅ ውኃ ቀላቅላችሁ በጠጡን አርሱት፣ 5 ደቂቃ ቆይቶ በጨርቅ ይነሣል። የአይጥ ሽንት ሌፕቶስፓይሮሲስ የሚባል በሽታ ያስተላልፋል፤ እጁ ወይም እግሩ ቁስል ያለበት ሰው ይጠንቀቅ። በጠጥ የገባበትን ብቅል ለጠላ አታውሉት። ታጥቦም አይሆንም።

የማራኪዋ

ሁላችሁንም ያክብርልኝ። ኮተቱ ወጥቷል፣ እናቴ ሁለት ቀን አኩርፋ ታረቀችኝ። ወጥመዶቹ በካርቶን ውስጥ ሆነው ይዘውልኛል፣ በተለይ ኑጉ። አሁን ወጥመድ ውስጥ የሚገባ እየጠፋ ነው፤ ግንበኛ ደግሞ ለሳምንቱ መጨረሻ ቀጥሬያለሁ። አይጧ እየቀነሰች ስለሆነ ግድግዳውን ብተወውስ? ደግሞ አንድ ሰው ናፍጣ የነበረበት በርሜል በርካሽ ሊሰጠኝ ነው፣ በደንብ ታጥቦ ይሆናል?

ግንበኛው

ግድግዳውን አትተዪው። ወጥመዶቹም እንደተጠመዱ ይቆዩ፤ ከውጭ ሲዘጋ ውስጥ የቀሩት መውጫ ያጣሉ። ሰሞኑን ማሳው ታጭዶ ባዶ ሆኗል፣ የጎረቤትሽም ቤት አለ፤ ካልዘጋሽው ከዚያ ሌላ ትመጣለች።

ወገሬው

የናፍጣውን በርሜል ተዪው። ሽታው በሣሙናም በእሳትም አይለቅም፣ ጤፉ ይጠጣዋል፤ የኬሚካል የነበረበት ደግሞ ጭራሽ አይነካም። የምግብ ዘይት የመጣበትን ፈልጊ፣ በሙቅ ውኃና በሣሙና አጥበሽ ፀሐይ ላይ አፉን ደፍተሽ አድርቂው። እህሉንም ከመክተትሽ በፊት አስጪው። እርጥበት ያለው እህል ቆርቆሮ ውስጥ ከታሸገ ላብ ያወጣና ይሻግታል።