የእማማን ድሪ ታሪክ የማጣራት ዕቅድ

ሰብሳቢ፦ ካዝናችን 14,000 ብር አለው። የእማማን ድሪ ፎቶ እናነሳለን፣ ጠገራ ብሮቹን እናስመዝናለን፤ እውነተኛው አንዱ 28 ግራም ገደማ ነው። ተንታ ያሉትን ታናሽ እህቷን ድምፅ እንቀዳለን። አባቷ ከሰገሌ ይዞት መጣ የሚባለው ይጣራ። ለመውሊድ ዘሩ ሁሉ ይስማ።

የሆጤዋ፦ ተንታ እኔ እሄዳለሁ።

የኮምቦልቻው፦ ሰገሌ ጥቅምት 17 ቀን 1909 ነው። የወሎው ንጉሥ ሚካኤል ራሳቸው የተማረኩበት ጦርነት! ተሸንፎ የመጣ ሰው ብር ከየት ያመጣል? ብሮቹን «በ1780 የተሠራ» ያላችሁትንም አውጡት። ብሩ ላይ መልኳ ያለው የኦስትሪያዋ ንግሥት ማሪያ ቴሬዛ የሞተችበት ዓመት ነው፣ በፈረንጅ። ከዚያ በኋላ የተመታው ሁሉ ያንኑ ቁጥር ነው የያዘው።

ገንዘብ ያዥ፦ እሱ ይታረማል። ድሪውን በሎሚና በአመድ ያሸው ማነው? ጥቁር ነበር፣ አሁን ያብለጨልጫል።

የሰኞ ገበያዋ፦ እኔ ነኝ። ቆሽሾ ለሰው ይታያል እንዴ?

ገንዘብ ያዥ፦ ቆሻሻ አይደለም! የእማማ አንገት ነው እሱ።

የኮምቦልቻው፦ ብሩ ላይ ሴትየዋ ትከሻ ላይ ያለውን ጌጥ እዩት። ዙሪያውን ያሉትን ፍሬዎች እማማ በጥፍሯ እየነካች ትቆጥራቸው ነበር። ድሮ ገበያ ላይ ብር የሚለየው በነሱ ነው፣ ፍሬው ከጠፋ ነጋዴ አይቀበልም። አመድ ደግሞ መጀመሪያ የሚበላው እነሱን ነው።

የሰኞ ገበያዋ፦ 11 ዓመት ያስታመምኳት እኔ ነኝ፣ ማታ ማታ እያገላበጥኩ፣ ልብሷን እያጠብኩ። ያኔ የት ነበራችሁ? ዛሬ ለአመድ ትጮሁብኛላችሁ።

ገንዘብ ያዥ፦ ማስታመምሽን ማን ካደ? ሳትጠይቂ ለምን ነካሽው ነው ያልኩት።

ሰብሳቢ፦ ኸረ አብሽሩ፣ አትካረሩ።

የሰኞ ገበያዋ፦ ቆጠርኳቸው። አምስቱም ላይ 9 ፍሬ አለ። ወላሂ አልተበሉም።

ገንዘብ ያዥ፦ ተመስገን። ተናድጄ ነው እህቴ፣ አትቀየሚኝ። ሁለተኛ ማንም እንዳይነካው ቁልፍ ያለው የመስታወት ሳጥን እናሠራለት። ሙዚየም እንዳትሉኝ፣ በ2014 ጦርነት የደሴው ሙዚየም ሲዘረፍ አይተናል። አናጢው 9,000 ብሏል። የቀረው ለመውሊዱ በግ ይሁን።

የኮምቦልቻው፦ የተንታው መንገድና አዳርስ?

ሰብሳቢ፦ የሆጤዋ፣ መቼ ነው የምትሄጂው? አክስታችን 90 አልፏቸዋል።

ሰብሳቢ፦ ሦስት ቀን ደወልኩልሽ፣ ስልክሽ ዝግ ነው። ሌላ የሚሄድ አለ?

ገንዘብ ያዥ፦ ለአናጢው 4,000 ቀብድ ሰጥቻለሁ። መስታወቱ ላይ ምን ይጻፍ?

የኮምቦልቻው፦ ሰገሌን እንዳትጽፉ።

ሰብሳቢ፦ «የእማማ ድሪ» ይበል ለጊዜው።

የሰኞ ገበያዋ፦ ሳጥኑ እኔ ቤት ነው የሚቀመጠው።