በቡልጋሪያ ነገሥታት የዘመን ሰንጠረዥ ላይ የቀረበ የእርዳታ ጥያቄ

የተከበራችሁ የታሪክ አዋቂዎች፣ የቡልጋሪያ ነገሥታትን የግዛት ዘመን (ዓመታቱ ሁሉ እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው) በሰንጠረዥ ሳሰናዳ ሁለት ቦታ ላይ ተቸግሬአለሁ። ቀዳማዊ ቦሪስ በ889 ዙፋኑን ለልጁ ለቭላድሚር ለቆ ገዳም ከገባ በኋላ፣ ልጁ አገሪቱን ወደ አረማዊነት ሊመልስ ቢነሣ፣ በ893 ከገዳሙ ወጥቶ ሻረው፤ ዐይኑንም አሳውሮ (አባት በልጁ ላይ ይህን ማድረጉ ይገርማል) ሌላውን ልጁን ስምዖንን አነገሠ። ይህችን አጭር ጊዜ እንደ ሁለተኛ ዘመነ መንግሥት ልመዝግባት ወይስ ልለፋት? ይበልጥ ያስቸገረኝ ግን ፈርዲናንድ ነው፤ በ1887 በልዑልነት ተመርጦ፣ በ1908 የአገሪቱ ነፃነት ሲታወጅ የንጉሥነትን ማዕረግ ስለያዘ መነሻውን ከየትኛው ዓመት ላድርገው? እኔ ወደ 1887 አዘነብላለሁ፤ ማዕረጉ ቢለወጥም ዙፋኑ ላይ የነበረው ያው ሰው ነውና። የተለመደውን አመዘጋገብ የምታውቁ ብታስረዱኝ ምስጋናዬ የላቀ ነው።