የአስመራን ከበባ ከእናቴ አፍ መቅረጽ እፈልጋለሁ፤ ከየት ልጀምር?

የገጀረት ልጅ (ጠያቂ)

ጤና ይስጥልኝ። እናቴ 76 ዓመቷ ነው። ወጣትነቷን ያሳለፈችው አስመራ ነው፤ እኛ አራቱም ልጆቿ የተወለድነው ገጀረት ሰፈር ነው። የካቲት 1982 ዓ.ም. ምጽዋ በሻዕቢያ ስትያዝ የባሕሩ መንገድ ተዘጋ። ከዚያ በኋላ ለወራት ለከተማው የሚገባው እህል በአውሮፕላን የሚመጣው ብቻ ነበር ማለት ይቻላል፤ አየር ማረፊያውም በመድፍ ይመታ ነበር። ሻዕቢያ አስመራ እስከገባበት እስከ ግንቦት 16 ቀን 1983 ዓ.ም. ድረስ 15 ወር እንዲህ ተኖረ። እኔ ያኔ 6 ዓመቴ ስለነበር የማስታውሰው ቁርጥራጭ ነው።

ስለ ጦርነቱ ያነበብኩት ሁሉ የጄኔራሎችና የክፍለ ጦሮች ታሪክ ነው። እናቴ በዚያ 15 ወር አራት ልጅ ምን አብልታ እንዳሳደረች ግን እሷ ካልነገረችኝ ከየትም አላገኘውም።

ባለፈው እሁድ ስልኬን ጠረጴዛው ላይ አስቀምጬ "እማዬ፣ እስቲ የከበባውን ጊዜ ንገሪኝ" አልኳት። "ምኑን እነግርሻለሁ ልጄ፣ ክፉ ቀን ነበር፤ እግዜር አወጣን" ብላ ቡና ልትቆላ ተነሳች። የቀረጽኩት 4 ደቂቃ ነው፤ ግማሹ የእኔ ድምፅ ነው።

ሳልጠይቃት ግን ትናገራለች። በቀደም ዱቄት ስንነፋ ወንፊቱ ላይ የቀረውን ፉርሽካ ልጥል ስነሳ እጄን ያዝ አደረገችና "ያኔ ይኼን ብናገኝ" አለች። ከዚያ ዝም።

እንዴት ልጠይቃት? እንዳላሳምማትም እፈራለሁ። የክርስትና እናቴ፣ አስመራ አብራን የነበረችው፣ ዓምና አረፈች፤ ከእሷ አንዲት ቃል አልቀረጽኩም። በዚህኛው ልዘገይ አልፈልግም።

ድምፅ ሰብሳቢ

እህቴ፣ በርቺ። የአዛውንቶችን ታሪክ በድምፅ መሰብሰብ ከጀመርኩ ብዙ ዓመት ሆኖኛል፤ እኔም መጀመሪያ ላይ እንደ አንቺው ነበር የምጠይቀው። "የከበባውን ጊዜ ንገሪኝ" ሲባሉ እናትሽ 15 ወሩን ባንድ ትንፋሽ ከየት ያምጡት? አንዲት ጠዋት ብቻ ጠይቂያቸው። ከመኝታ ሲነሱ መጀመሪያ የሚሠሩት ምን ነበር? ውኃ ከየት ይቀዳል፣ በምን ይመጣል? ወረፋው ላይ ከፊታቸው ማን ይቆም ነበር? ከሰል ሲያልቅ ምድጃው ውስጥ ምን ነደደ? ሰዓት እላፊ ሲገባ በሩን የሚቀረቅረው ማን ነበር? ከወረፋው ተነስተው ራሳቸው ወደ ጦርነቱ ይደርሳሉ፤ አንቺ አትቅደሚያቸው።

ዓመተ ምሕረት አትጠይቂ። "ከፋሲካ በፊት ነው በኋላ?"፣ "ክረምቱ ገብቶ ነበር?" በያቸው። የታወቁትን ቀኖች ያዢና በኋላ ራስሽ አስተያዪው። ለምሳሌ ምጽዋ ለእርዳታ እህል የተከፈተችው ጥር 1983 ነው። ስለዚህ "ስንዴ በመርከብ መጣ ተባለ" ካሉሽ የሚያወሩሽ ስለ መጨረሻዎቹ ወራት ነው።

ከሁሉ በላይ ደግሞ ከዚያ ዘመን የተረፈ ዕቃ ቤት ውስጥ ካለ እጃቸው ላይ አኑሪላቸው። ሳራዬቮ ውስጥ እ.ኤ.አ. በ2017 የተከፈተ የጦርነት ልጅነት ሙዚየም አለ። ከተማዋ ከ1992 እስከ 1996 በተከበበችበት ጊዜ ልጆች የነበሩ ሰዎች አሻንጉሊት፣ ደብተር፣ ልብስ ያመጣሉ፤ ከዕቃው ጎን ባለቤቱ የተናገረው ይቀመጣል። ዕቃ የያዘ እጅ ስለ "ክፉ ቀን" በጅምላ አያወራም፤ ስለዚያ ዕቃ ነው የሚያወራው።

ዝም ሲሉ አንቺም ዝም በይ። ያን ዝምታ ከቀረጻው አትቁረጪው። ካለቀሱ ደግሞ መቅረጹ ይቁም ይቀጥል እንደሆነ የሚወስኑት እሳቸው ናቸው። ማን ቢሰማው ፈቃዳቸው እንደሆነ ገና ሲጀመር ጠይቂያቸው፤ መልሳቸውም አብሮ ይቀረጽ። በስም የሚጠሩት ጎረቤት ዛሬም እዚያው የሚኖር ከሆነ ለሰው በምታሰሚው ቅጂ ላይ ስሙን አውጪ፤ ዋናውን ግን አትንኪው፣ በሁለት ቦታ አስቀምጪው። ሲያልቅ ስድስት ኪሎ የኢትዮጵያ ጥናትና ምርምር ተቋም ወይም ወመዘክር ሄደሽ ይቀበሉሽ እንደሆነ ማነጋገር ነው።

ጎዳይፍ

ሰላም ለሁላችሁ። እኔ ኤርትራዊ ነኝ፤ አማርኛውን የተማርኩት እዚያው አስመራ ትምህርት ቤት ነው። ቤታችን ጎዳይፍ፣ አየር ማረፊያው አጠገብ ስለነበር አውሮፕላን በመጣ ቁጥር እናቴ ከግቢ ትጠራን ነበር፤ አውሮፕላኑ ሲያርፍ መድፉ ይከተላል። የ9 ዓመት ልጅ ሆኜ ዛሬ ስንት አረፈ እያልን ከወንድሞቼ ጋር እንቆጥር ነበር። የአውሮፕላኑ ብዛት ለእኛ የዳቦው ብዛት ነበር።

እህቴ፣ አንድ ነገር ልለምንሽ። እናትሽ ስለ ጎረቤቶቻቸው ሲያወሩ ትግርኛ ጣል ማድረጋቸው አይቀርም። ስትጽፊው ወደ አማርኛ አትመልሺው። "አጆኺ" (አይዞሽ ማለት ነው) ካሉ "አጆኺ" ይቅር። ያን ቃል ያኔ ማን እንዳላቸውም ጠይቂልን።

ደግሞም ግንቦት 16 ለእኛ ቤት የእልልታ ቀን ናት፤ ታላቅ ወንድሜ ከበረሃ የተመለሰው በዚያው ሰሞን ነው። ያንኑ ሰሞን ከግቢያችን ሁለት ክፍል ተከራይተው የነበሩት አማሮች ዕቃቸውን ሳይዙ ወጡ። እናቴ አንድ ቀን ሁለቱንም አልቅሳለች፣ የደስታውንም የእነሱንም። እሷን ሳልቀርጻት ነው ያለፈችው። የእናትሽን ስትቀርጪ ከግድግዳው ወዲያ ያለውንም ቤት ጠይቂልኝ።

እናት

ልጄ፣ እኔም ያኔ እዚያው ነበርኩ። ልጆቼ ሲጠይቁኝ የምመልስላቸው እናትሽ እንዳለችው ነው። ዝም የሚያሰኘን ረሃቡ አይመስለኝም። ረሃቡንማ እናወራዋለን። እኔ አንድ ማታ በር ሲንኳኳ ማን እንደሆነ አውቄ፣ ዱቄት መኖሩ እንዳይታወቅብኝ ምድጃውን አዳፍኜ ልጆቼን ዝም አሰኝቻለሁ። ይኼን ለንስሐ አባቴ እንጂ ለልጅ አልተናገርኩም። እናትሽም እንዲህ ያለ ነገር ካላት አትጎትጉቻት፤ ከመጣላት ደግሞ "ምን ታደርጊ፣ ጊዜው ነው" ብለሽ አትቅደሚያት። ስሚያት ብቻ።

የገጀረት ልጅ (ጠያቂ)

ከሦስት ሳምንት በኋላ ተመልሻለሁ። እግዜር ይስጥልኝ፣ ሁላችሁንም።

የወተት ዱቄት የነበረበት አንድ ጣሳ አለን። ቀለሙ ለቋል፣ አፉ አንድ ጎኑ ላይ ተጣሟል። ከአስመራ ስንወጣ በዛላምበሳ በኩል እስከ አዲግራት ጭነት መኪና ላይ ጭና ያመጣችው ነው፤ እስከ ዛሬ ሽሮ ትሰፍርበታለች። ቅዳሜ ጠዋት ስልኩን ከፍቼ፣ ፈቃዷን ጠይቄ፣ ጣሳውን ሰጠኋትና "በዚህ ምን ትሰፍሪበት ነበር?" አልኳት። ሌላ አልጨመርኩም።

"ማሽላ" አለች። ከዚያ ስለ አንዲት ጎረቤታችን ነገረችኝ፤ ስማቸውን አልጽፍም፣ እኛ አደይ (በትግርኛ እናቴ ማለት ነው) እንላቸው ነበር። ልጆቻቸው በረሃ ነበሩ፣ ብቻቸውን ነው የሚኖሩት። አባቴ ከመሥሪያ ቤቱ የሚሰፈርለት እህል ስለነበር እናቴ ከዚያ በየሳምንቱ አንድ አንድ ጣሳ ትሰጣቸዋለች። ሲቀበሏት "አጆኺ ጓለይ"፣ አይዞሽ ልጄ፣ ይሏታል። (ጎዳይፍ፣ ያልከው ቃል ይኸው።)

ይህን አውርታ ቆመች። ጣሳውን በግራ እጇ ይዛ የቀኝ አውራ ጣቷን ወደ ውስጥ አስገባችና አሳየችኝ። "እንዲህ አድርጌ ነበር የምሰፍርላቸው" አለች። ጣቷ የያዘውን ያህል ማሽላ ይቀራል። "በየሳምንቱ። አይተውኛል መሰለኝ።" ከዚያ ሁለት ደቂቃ ተኩል ፍሪጁ ብቻ ነው የሚሰማው። አልቆረጥኩትም። እኔም ቃል አልተናገርኩም፤ እናት፣ ምክርዎን ይዤ ነው።

ከዝምታው በኋላ የወጣንበትን ቀን በራሷ ጀመረች። መኪናው ላይ ስንሳፈር አደይ በነጠላ የተጠቀለለ ሕምባሻ አቀብለዋት ነበር። ትኩስ ስለነበር ጭኗን አቃጥሏት እንደነበር ነገረችኝ። ያን ዱቄት ከየት አግኝተውት እንደሆነ እስከ ዛሬ ታስባለች። ቀረጻው 1 ሰዓት ከ12 ደቂቃ ሆኗል፤ ገና ውኃውና ወረፋው ላይ አልደረስንም።

አሁን ሌላ ጥያቄ አለኝ። አደይ አርፈዋል፤ አንደኛዋን ልጃቸውን ግን በዘመድ ዘመድ አግኝቻታለሁ። እማዬ "የጣሳውን ነገር እሷ ትስማው" ትላለች፣ ቀረጻው ላይም ፈቅዳለች። እንዲሁ ልላክላት ወይስ መጀመሪያ ደውዬ እናቴን ላገናኛቸው? ድምፅ ሰብሳቢ፣ እንዲህ ያለ ነገር ገጥሞህ ያውቃል?