ሳይኮሎጂ ተምሬ ኬጂ አስተምራለሁ፤ ማስተርስ ልግባ ወይስ መጀመሪያ የሙያ ሥልጠናውን ልያዝ?

የማራኪዋ

ሰላም የጎንደር መምህራን፣ እንዴት ናችሁ? የመጀመሪያ ዲግሪዬ ሳይኮሎጂ ነው። አዞዞ አካባቢ አንድ የግል ኬጂ ውስጥ ስሠራ 4ኛ ዓመቴን ይዣለሁ። የገባሁት ሥራ ጠፍቶ ነበር፣ አሁን ግን ውጪ ብባል እንኳ እግሬ እሺ አይለኝም። በቀደም የመንግሥት ትምህርት ቤት ማስታወቂያ ወጣና አመለከትኩ። የትምህርት ዝግጅትሽ አግባብነት የለውም ብለው ፋይሌን መለሱልኝ። ያ ሁሉ ዓመት ቆሜ ያስተማርኩት አልተቆጠረም፣ በጣም ነው የከፋኝ።

አሁን በቅድመ መደበኛ ትምህርት ሁለተኛ ዲግሪ መማር አስቤያለሁ። ማስተርሱን ብይዝ በቃ እንደ መምህርነት ፈቃድ ይቆጠርልኛል? ወይስ ሁለቱ የተለያዩ ናቸው? በዚህ መንገድ ያለፋችሁ እባካችሁ ንገሩኝ።

አራዳ ሰፈር

እህቴ፣ እኔ ማስተርሱን አዲስ አበባ ዩኒቨርሲቲ ነው የተማርኩት፣ እዚያ የሕፃናት ክብካቤና ትምህርት ራሱን ችሎ ይሰጣል። ለመግባት መጀመሪያ አገር አቀፉን የድህረ ምረቃ ፈተና፣ ጋት የሚሉትን ማለፍ አለብሽ። እንግሊዝኛሽንና ሒሳብሽን ከአሁኑ ከልሺ። ወጪ መጋራትሽን ካልጨረስሽ ደግሞ እሱን አስቀድሚ፣ እኔ ኦፊሻል ትራንስክሪፕት ለማስላክ ስሯሯጥ ምዝገባው ሊያልፈኝ ነበር።

ትምህርቱን ግን ውደጂው። የልጆችን እድገት ያጠኑትን ፒያዤና ቪጎትስኪን ሳይኮሎጂ ላይ አንብበሻቸዋል፣ እዚህ ልጁ ፊት ቁጭ ብለሽ ነው የምታገኚያቸው። አንድ መምህራችን ለሳምንት ያህል አንድ ሕፃን ብቻ እያየን እንድንጽፍ አዘዘን። ተናደደ ብለሽ አትጽፊም። ኩቡን ወረወረ፣ ፊቱን ወደ ግድግዳው አዞረ፣ አውራ ጣቱን ጠባ፣ እንደዚህ ነው የምትጽፊው። ቀላል ይመስላል አይደል? እኔ በመጀመሪያው ቀን ግማሹን ገጽ በራሴ ግምት ሞልቼው ተመለሰልኝ። ከዚያ በኋላ ልጅን ሰነፍ ወይም ረባሽ ማለት ከአፌ ጠፋ።

የመመረቂያ ጽሑፍሽን ከአሁኑ አስቢበት፣ 4 ዓመት ክፍል ውስጥ ስለኖርሽ ርዕስ አይቸግርሽም።

የኦ ክፍል መምህርት

የላይኛዋ እህት ያለችው ልክ ነው፣ ግን ጥያቄሽን ሙሉ በሙሉ አልመለሰችውም። ሁለቱ ለየቅል ናቸው። ማስተርስ ኮሌጅ ለማስተማር፣ ለሱፐርቫይዘርነት፣ ለጥናት በር ይከፍታል። ለቅድመ መደበኛ ክፍል ሲቀጥሩ ግን የሚያዩት በሙያው መሠልጠንሽን ነው፣ እሱ ደግሞ የሚሰጠው በመምህራን ኮሌጅ ነው። የሙያ ፈቃድ ሌላ ሦስተኛ ነገር ነው፣ የጽሑፍ ፈተና አለው፣ የማህደረ ተግባር፣ ማለትም የሠራሽውን ሰብስበሽ የምታቀርቢበት ሰነድ ምዘናም አለው። እና ማስተርስ ይዘሽ ብትመጪም ያው አግባብነት የለውም የሚለው ነገር እንዳይገጥምሽ፣ ገንዘብሽን ከማውጣትሽ በፊት ትምህርት መምሪያ ሄደሽ የትኛው ዝግጅት ለየትኛው መደብ እንደሚያዝ ወረቀቱን በዓይንሽ እይ። በቃል የነገሩሽን አትመኚ።

ጊዜው ደግሞ ጥሩ ነው። በ2015 የወጣው የትምህርትና ሥልጠና ፖሊሲ ቅድመ መደበኛን 2 ዓመት አድርጎታል። ድሮ 6 ዓመት የሞላውን ልጅ ለ1 ዓመት ኦ ክፍል አስገብተን ነበር 1ኛ ክፍል የምንልከው። ስለዚህ የሠለጠነ ሰው ይፈለጋል።

እኔ ከኮሌጁ የወሰድኩት ትልቁ ነገር የተግባር ልምምዱ ነው። አንድ ልጅ ነበረኝ፣ እርሳስ በሙሉ ጡጫው ነበር የሚይዘው፣ ሀ ጻፍ ስለው ወረቀቱ ይቀደድ ነበር። እናቱ በየቀኑ በር ላይ ቆማ የቤት ሥራ ለምን አትሰጪውም ትለኛለች። እርሳሱን ተውኩት። አንድ ወር ጭቃ አስቦካሁት፣ ቆርኪ በጣቶቹ እየለቀመ አስቆጠርኩት፣ ሀን በአሸዋ ላይ በሌባ ጣቱ አስጻፍኩት። ጣቶቹ ሲጠነክሩ እርሳሱን ራሱ አነሳው። ይህን ያሳየችኝ የልምምድ ጊዜ አማካሪዬ ናት፣ እኔ ብቻዬን ብሆን እጁን ይዤ አስጽፈው ነበር።

ከዋሽንግተን

የጎንደር ልጅ ነኝ፣ እዚህ ብዙዎቻችን ዴይኬር ውስጥ ነው የምንሠራው። መለያየቱ እዚህም ያው ነው። ሲዲኤ የሚባል የሙያ ማረጋገጫ አለ፣ 120 ሰዓት ሥልጠና እና ከልጆች ጋር 480 ሰዓት ሥራ ይጠይቃል፣ ዲግሪ ግን አይደለም። የመንግሥት ትምህርት ቤት ለማስተማር የክፍለ ግዛቱ ፈቃድ ያስፈልጋል። እኔ ከአገር ቤት ዲግሪ ይዤ መጥቼ እንኳ እሱን አስገምግሜ፣ ከዚያ ፈተናውን ተፈትኜ ነው ፈቃዱን ያገኘሁት። ወደ ውጭ ሐሳብ ካለሽ እዚያው እያለሽ የሠራሽበትን የልምድ ደብዳቤ ሰዓቱ ሳይቀር አጽፈሽ ያዢ፣ እኔ ባለማጻፌ ብዙ ደክሜያለሁ።

የማራኪዋ

እግዚአብሔር ይስጥልኝ ሁላችሁም። ሰኞ መምሪያ ሄጄ መደቡን አያለሁ፣ ኮሌጁ የክረምት ወይም የማታ ካለው እሱን አስቀድማለሁ፣ ጋትንም ጎን ለጎን አጠናለሁ። የኦ ክፍሏ እህቴ፣ እኔም ጋ እርሳስ በጡጫ የሚይዙ 3 ልጆች አሉ። ጭቃውን ከየት ነው የምታመጪው? የእኛ ግቢ አፈር አይያያዝም።

የኦ ክፍል መምህርት

ከወለቃ መንደር ነው እህቴ። ሸክላ የሚሠሩት እናቶች ጠጠሩን አጥርተው፣ ለስልሶ የተቦካውን ይሰጡኛል። በእርጥብ ጨርቅ ጠቅልለሽ ካስቀመጥሽው ሳምንት አይደርቅም። ቅዳሜ ጠዋት እሄዳለሁ፣ ኢንቦክስ አድርጊልኝና አብረን እንሂድ።