7/4፣ 16/9 እና 9/5፦ ሦስቱም ማይነር ሰቨንዝ ናቸው?

ጥያቄ፦
ሰላም ለሁላችሁ። ሲንተሳይዘሬን በጀስት ኢንቶኔሽን (በድምፆች መካከል ያለው ርቀት በሙሉ ቁጥሮች ሬሾ በሚወሰንበት አቃኛኘት) እየቃኘሁ ነው። ሠንጠረዤ ላይ ግን ስም አለቀብኝ። 7/4 ወደ 969 ሴንት ነው (ሴንት የድምፅ ርቀት መለኪያ ነው፤ አንድ ኦክታቭ፣ ማለትም ድግግሞሹ እጥፍ የሚሆንበት ርቀት፣ 1200 ሴንት ነው)፤ 16/9 996፣ 9/5 ደግሞ 1018። ሦስቱንም «ማይነር ሰቨንዝ» (ጠበብ ያለው የሰባተኛ ርቀት፤ ሰፋ ያለው ሜጀር ይባላል) ብዬ ብጽፍ ጆሮዬ አይቀበለኝም። እናንተ ምን ትሏቸዋላችሁ?

መልስ 1፦
ሬሾውን ብቻ ጻፍና ተገላገል። ስም ያጨቃጭቃል፣ ቁጥር አያጨቃጭቅም።

መልስ 2፦
ቁጥር ብቻማ ዓይን ያደክማል ወዳጄ። እኔ ሬሾው ውስጥ ያለውን ትልቁን ብቸኛ ቁጥር (ፕራይም፦ ለ1 እና ለራሱ ብቻ የሚካፈል) ነው የማየው። 16/9 ከ2 እና ከ3 ብቻ ስለተሠራ «ፓይታጎሪያን» እለዋለሁ። 9/5 ውስጥ 5 አለ፤ ከ16/9 በ81/80 ይሰፋል። ይህች ሲንቶኒክ ኮማ የምትባለው ናት፣ 21.5 ሴንት ገደማ። 7/4 ደግሞ 7 ስላለበት «ሴፕቲማል» ይባላል። «ሃርሞኒክ ሰቨንዝ» የሚሉትም አሉ፤ 7ኛው ሃርሞኒክ (ድግግሞሹ የመሠረቱ ድምፅ 7 እጥፍ የሆነው) ሁለት ኦክታቭ ወርዶ ነውና። እኔ ይሄኛውን እመርጣለሁ፣ ከየት እንደመጣ ይናገራል።

ጠያቂው፦
አሪፍ! 11/6ስ?

መልስ 2፦
1049 ሴንት። ማይነርም ሜጀርም አይደለም፣ መሃል ላይ ነው። «ኒውትራል ሰቨንዝ» በለውና አጠገቡ 11 ጻፍበት።

መልስ 1፦
ያው ዞሮ ዞሮ ቁጥር ጻፋችሁ 😄