ብድሬን ከፍዬ ጨርሼ ለምን እከለከላለሁ?

ጠያቂ (ኮምቦልቻ)፦
ሰላም ወገኖቼ። ልብስ ሰፊ ነኝ። በ2013 ከአንድ ባንክ ተበድሬ ሱቅ ከፈትኩ። በ2014 ጥቅምት ጦርነቱ ከተማችን ገባ፣ ሱቄም ተዘረፈ። ክፍያዬ አምስት ወር ቆመ። ከዚያ ጥርሴን ነክሼ ከነወለዱ ከፍዬ ጨረስኩ። አሁን ሦስት የስፌት መኪና ልገዛ ሌላ ባንክ ሄጄ ብድር ስጠይቅ «የብድር ታሪክሽ አያስኬድም» አሉኝ። ከከፈልኩ ምን ቀረ? ሌላው ባንክስ በምን አወቀ?

የሙጋድ ልጅ (ደሴ፣ ባንክ ብድር ክፍል የሠራ)፦
አብሽሪ እህቴ። ብሔራዊ ባንክ የብድር መረጃ ቋት አለው። ባንኮች የተበዳሪውን መረጃ ይልኩለታል፣ ከማበደራቸው በፊትም ያዩታል። ስለዚህ ባንክ ብትቀይሪም ታሪክሽ ይከተልሻል። ከ30 ቀን በታች የዘገየ ብድር ጤነኛ ነው። 30 ሲያልፍ ልዩ ክትትል ውስጥ ይገባል። 90 ቀን ሲሞላ የተበላሸ ብድር ይባላል። ያንቺ አምስት ወር ስለሆነ እሱ ነው የታያቸው።

አሁን ማወቅ ያለብሽ፣ መዝገቡ ላይ ተከፍሎ ተዘጋ ነው የሚለው ወይስ ገና ክፍት ነው? ብድር አልቆ መረጃው ሳይታደስ የሚቀርበት ጊዜ አለ። የድሮው ባንክሽ ሄደሽ ክሊራንስ፣ ማለት ዕዳ የለባትም የሚል ደብዳቤ፣ ውሰጂ፣ መረጃው መታደሱንም ጠይቂ። ለአዲሱ ባንክ ደግሞ ያዘገየሽ ጦርነቱ መሆኑን በደብዳቤ አስረጂ፣ የቀበሌ ማስረጃ ካለሽ አያይዢው። በቃል ብቻ አትመለሺ።

የሐይቅ ነጋዴ፦
ልጄ፣ እኔም ደርሶብኛል። የረዳኝ ሽያጬን በሙሉ በባንክ ሂሳቤ ማስገባት ነው። ብሩን ኪሴ ይዤ ስዞር የሚያምነኝ አልነበረም። አንድ ዓመት እንዲያ ከሠራሁ በኋላ ትንሽ ብድር ወሰድኩ፣ ቀኑን ሳላሳልፍ ከፈልኩ። ቀጥሎ ትልቁን ሰጡኝ። ለሰው ዋስ ስትሆኚም አስቢበት፣ እሱ ካልከፈለ ወዳንቺ ነው የሚመጡት።

ወረኢሉ (ዋሽንግተን ያለሁ)፦
እዚህ አሜሪካ የብድር ታሪክ የሚለካው በነጥብ ነው፣ ከ300 እስከ 850። ፋይኮ በሚባለው ነጥብ 35 በመቶው በሰዓቱ ስለመክፈልሽ ነው፣ 30 በመቶው ስላለብሽ ዕዳ። 1,000 ዶላር በተፈቀደበት የብድር ካርድ 900ውን የሚጠቀም ሰው በወቅቱ ቢከፍልም ነጥቡ ይወርዳል። አንድ መዘግየት 7 ዓመት ይታያል። የአገር ቤቱ አሠራር ሌላ ነው፣ ነገሩ ግን አንድ ነው። ነጥብሽ ዝቅ ካለ የቤት ብድር ወለዱ ይጨምርብሻል፣ ቤት ለመከራየት እንኳ ያስቸግራል።

ጦሳ ስር፦
እህቴ፣ የቴሌብር መላንም አትናቂ። በስልክ የሚሰጠው ብድር የሚወሰነው በአጠቃቀምሽ ነው። በቀኑ የከፈለ ገደቡ ከፍ ይልለታል። ለጫትና ለቡና ግን አትበደሪበት፣ ለዕቃ መግዣ ብቻ።

ጠያቂ፦
ሁላችሁም አላህ ይስጣችሁ። ሰኞ የድሮው ባንክ ሄድኩ። ብድሬ እውነትም ክፍት ሆኖ ነው የተቀመጠው! ያኔ ደረሰኜን ባልይዝ ጉድ ነበርኩ። ክሊራንሱን ጽፈውልኛል፣ መረጃውንም እንልካለን ብለዋል። ጋሼ፣ ሂሳቡንም ዛሬ ከሱቁ ሽያጭ ጀመርኩት። በሁለት ሳምንት ተመልሼ አጣራለሁ፣ የሆነውን እዚሁ እጽፍላችኋለሁ።